ርካሹ ባለ መንታ አፈሙዝ፦ ዋጋው የተቀነሰው ከየት ላይ ነው?

እስቲ አንድ ምርጫ ልስጣችሁ። ሁለት ያገለገሉ የአደን ጠመንጃዎች ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ሺህ ዶላር በታች። የመጀመሪያው መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ጎኑ ላይ ቅጠልና ወፍ ተቀርጾበታል። ቱቦዎቹ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የሚጠማዘዝ ቡናማና ብርማ መስመር ይታያል። ሰደፉም ከሚያምር የዋልነት እንጨት የተሠራ ነው። ሁለተኛው ግን ምን ልበላችሁ፣ የአካፋ ዘመድ ይመስላል። ጥቁር ብረት፣ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት፣ ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። የትኛውን ትመርጣላችሁ?

እኔ የመጀመሪያውን ነበር የመረጥኩት። የሜካኒካል ምህንድስና የድህረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ሥራዬም ብረት በተደጋጋሚ ጭነት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ማጥናት ነው። አዳኝ አይደለሁም። ባለፈው ጥቅምት ግን እዚህ አሜሪካ አብሮኝ ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ፌዛንት የምትባለውን የቆቅ ዘመድ ለማደን ፈቃድ አወጣና ርካሽ ጠመንጃ ሊገዛ ተነሳ። «አንተ ብረት ታውቃለህ፣ ና አብረን እንይ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ያን ዕለት የሰጠሁት ምክር ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ የጓደኛዬን ጣቶች ሊያስከፍለው ይችል ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አብረን የምናየው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ዕቃ ርካሽ ሲሆን ዋጋው የተቀነሰው ከየት ላይ ነው? ጥያቄው ለስልክ ቻርጀርም፣ ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። ባለ መንታ አፈሙዝ ጠመንጃ ላይ ግን መልሱ በጣም ግልጽ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱም ይህ መሣሪያ ለንደን ውስጥ እንደ ፐርዲ ባሉ ቤቶች በእጅ ሲሠራ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ይሸጣል፤ ያው ሥራ የሚሠራ ሌላ መንታ ደግሞ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ልዩነቱ የት ገባ?

ሁለት ቱቦ ለምን አስፈለገ?

መጀመሪያ ሾትገን ከሌላው ጠመንጃ በምን እንደሚለይ እንግባባ። ተራ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ አረር ይተኩሳል። ሾትገን ግን በአንድ ጥይት ውስጥ የታጨቁ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን ይረጫል። ለምሳሌ ለወፍ በሚያገለግል የተለመደ ጥይት ውስጥ፣ 2.4 ሚሊሜትር ስፋት ካላቸው የእርሳስ ፍሬዎች 28 ግራም ቢገባ፣ ቁጥራቸው 350 ገደማ ነው። የምትበር ወፍን በአንድ አረር መምታት ከባድ ስለሆነ፣ አየር ላይ የፍሬ ደመና ትፈጥራላችሁ ማለት ነው።

ደመናው ግን ርቀት በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። እዚህ ጋ ነው «ቾክ» የሚባለው ነገር የሚመጣው። ቾክ ማለት ቱቦው ጫፉ ላይ በትንሹ እንዲጠብ ማድረግ ነው። በጣም በትንሹ፤ ሙሉ የሚባለው ቾክ እንኳ ጥበቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። በ36 ሜትር ርቀት ላይ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ብትስሉ፣ ምንም ጥበት የሌለው ቱቦ ከፍሬዎቹ 40 በመቶ ያህሉን፣ ሙሉ ቾክ ያለው ደግሞ 70 በመቶ ያህሉን ክቡ ውስጥ ያስገባል። እነዚህ አዳኞችና ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙባቸው የቆዩ መለኪያዎች ናቸው።

አሁን ወፏን አስቧት። ከሣሩ ውስጥ ተነስታ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ብትበር፣ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትርቃችኋለች። የመጀመሪያው ተኩስ ቅርብ ነው፣ ሰፊ ደመና ይፈልጋል። ሁለተኛው ሩቅ ነው፣ ጠባብ ደመና ይፈልጋል። መንታው ጠመንጃ መልሱን ይዞ ነው የተወለደው፦ ብዙውን ጊዜ ቀኙ ቱቦ ሰፋ፣ ግራው ጠበብ ያለ ቾክ አለው። ሁለት ምላጭ ካለው ደግሞ የፊቱን ስትስቡ ቀኙ፣ የኋላውን ስትስቡ ግራው ይተኩሳል። ምርጫው ጣታችሁ ላይ ነው። በተጨማሪ እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ መዶሻና የራሱ ሞላ አለው፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይሠራል። ሁለት ጠመንጃ በአንድ ሰደፍ ላይ ማለት ነው።

«12 ጌጅ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የሾትገን ቱቦ ስፋት በሚሊሜትር ሳይሆን «ጌጅ» በሚባል የቆየ መለኪያ ነው የሚጠራው። ይህን በካልኩሌተር ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453.6 ግራም እርሳስ ውሰዱ። ለ12 እኩል ከፍላችሁ 12 ድቡልቡል ኳሶች ሥሩ። የአንዱ ኳስ ዲያሜትር የ12 ጌጅ ቱቦ የውስጥ ስፋት ነው።

እንሞክረው። 453.6 ለ12 ሲካፈል 37.8 ግራም ነው። የእርሳስ እፍጋት በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር 11.34 ግራም ስለሆነ፣ የኳሱ ይዘት 3.33 ኩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ከኳስ ይዘት ቀመር ዲያሜትሩን ስታወጡ 18.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ለ20 ጌጅ ብትሠሩት ደግሞ 15.6 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ አንድ ከባድ አደጋ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው።

ከባዱ ሥራ ማጣመሩ ነው

አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ መሥራት ለዛሬ ፋብሪካ ቀላል ነው። ሁለት ቱቦዎችን አጣምሮ ሁለቱም አንድ ቦታ እንዲመቱ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ትይዩ አድርጎ ማጣበቅ ነው እንጂ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ርግጫው ነው። 28 ግራም ፍሬ በሰከንድ 370 ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ሲወጣ፣ በሞመንተም ጥበቃ ሕግ መሠረት ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠመንጃው 3 ኪሎ ከሆነ፣ በፍሬዎቹ ብቻ በሰከንድ 3.5 ሜትር ፍጥነት ያገኛል። አብሮ የሚወጣውን የፕላስቲክ ኩባያና የባሩድ ጋዝ ስትጨምሩ ከ4 ሜትር ያልፋል። ትከሻችሁ የሚመታው በዚህ ነው።

ቀኙ ቱቦ ደግሞ ያለው ከጠመንጃው መካከለኛ መስመር በስተቀኝ ነው። ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ማዕከል ትንሽ ወደ ቀኝ ስለሚያርፍ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ከመሄዱም ሌላ ወደ ቀኝ ይዞራል። ፍሬዎቹ ቱቦው ውስጥ የሚቆዩት 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ አፈሙዙ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ግራው ሲተኮስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ ትይዩ ቱቦዎች ቢሠሩ ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ይመታ ነበር።

መፍትሔው ቱቦዎቹን ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው። ለምሳሌ የሁለቱ ቱቦዎች ማዕከሎች በኋላ በኩል 28 ሚሊሜትር፣ በአፈሙዙ በኩል 20 ሚሊሜትር ተራርቀዋል እንበል፤ የቱቦው ርዝመት ደግሞ 700 ሚሊሜትር ነው። ጠመንጃው ጭራሽ ባይንቀሳቀስ ኖሮ መስመሮቹ ከአፈሙዙ 2 ሜትር ሳይርቁ ይሻገሩና 36 ሜትር ላይ በ39 ሴንቲሜትር ይራራቁ ነበር፤ የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ። ርግጫው ግን ይመልሳቸዋል። ሠሪው ማዘንበሉን ከርግጫው ጋር በልኩ ካመጣጠነ ሁለቱም ደመናዎች አንድ ቦታ ይወድቃሉ። አፈሙዙ ላይ 1 ሚሊሜትር ቢሳሳት ግን 36 ሜትር ላይ ስህተቱ 5 ሴንቲሜትር ሆኖ ይመጣል።

አያችሁ አይደል? በውጭ ሲታይ ሁለት የተጣበቁ ቱቦዎች ናቸው። በውስጥ ግን ጂኦሜትሪ፣ ሞመንተምና የብረት ብየዳ በአንድ ላይ የሚደራደሩበት ሥራ ነው። የመንታ ጠመንጃ ዋጋ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የትኛውን መቀነስ ይቻላል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ፋብሪካው ዋጋ መቀነስ ቢፈልግ ምን ይቀንሳል? ጥሩው ዜና፣ ብዙ የሚቀነስ ነገር አለ።

አንደኛው የውስጥ አሠራሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ዊልያም አንሰንና ጆን ዲሊ የተባሉ የበርሚንግሃም ሰዎች፣ ዌስትሊ ሪቻርድስ በሚባለው ፋብሪካ፣ «ቦክስሎክ» የተባለውን አሠራር ፈጠሩ። መዶሻዎቹ ሰውነቱ ውስጥ ተደበቁ፤ ቱቦዎቹ ታጥፈው ሲከፈቱ ማንሻዎች መዶሻዎቹን ወደ ኋላ እየገፉ ይወጥሯቸዋል። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ሥራው ቀላል ሆነ። ዛሬ ተራ ሰው የሚገዛው መንታ ጠመንጃ አብዛኛው የዚህ አሠራር ልጅ ነው።

ሁለተኛው የቱቦዎቹ አያያዝ ነው። ውድ በሆኑት ላይ እያንዳንዱ ቱቦ ከነመቆለፊያ ጥርሱ ከአንድ ብረት ይወጣል። «ሞኖብሎክ» በሚባለው ዘዴ ግን የኋላው ክፍል በማሽን ለብቻው ይሠራና ቱቦዎቹ እዚያ ውስጥ ገብተው ይጣበቃሉ። ርካሽ ነው፤ ጠንካራም ነው።

ሦስተኛው ምላጩ ነው። በአንድ ምላጭ ሁለቱንም ለመተኮስ ተጨማሪ አሠራር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ በርግጫው ኃይል ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው የሚቀያየር። ሁለት ምላጭ ግን ርካሽም ነው፣ የሚበላሽበት ምክንያትም ያንሳል። አራተኛው ቀለሁን የሚያወጣው ክፍል ነው፦ ውዱ የተተኮሰውን ቀለህ አስፈንጥሮ ይጥላል፤ ርካሹ ገፋ አድርጎ ያወጣላችሁና በእጃችሁ ትመዙታላችሁ። ምን ይጎዳል? አምስተኛው እንጨቱና ጌጡ ነው፤ ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ስድስተኛው ክብደት ነው። ቱቦን አሳስቶ መጨረስ ጊዜና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ርካሹ ወፈር ብሎ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ተሸክማችሁ ስትሄዱ ይከብዳችኋል፤ ነገር ግን ከባድ ጠመንጃ ርግጫው ይቀንሳል።

በዚህ መንገድ የተሠሩት የታወቁ ናቸው። በአሜሪካ ስቲቨንስ 311 የተባለው ለአሥርተ ዓመታት የገበሬውና የሠራተኛው ጠመንጃ ሆኖ ኖሯል። በሩሲያ ኢዥቭስክ ከተማ የተሠራው ባይካል ኢዥ-43 ሻካራ ቢመስልም የቱቦዎቹ ውስጥ ዝገት እንዳይበላው በክሮም የተለበጠ ነው። በስፔን የባስክ ምድር ያለችው አይባር ለዘመናት የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ናት። በቱርክ ኮንያ ክፍለ ሀገር ደግሞ ሁዩሉ የምትባለው ትንሽ ከተማ በጠመንጃ ሥራ ትታወቃለች። እነዚህ ሁሉ ዋጋ የቀነሱት ከጌጥና ከምቾት ላይ ነው።

ከማይነካው ላይ ሲነካ

መቀነስ የማይቻለው ነገር ግፊትን የመቋቋም አቅም ነው። በአውሮፓ ሥርዓት የተለመደው 12 ጌጅ ጥይት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። የመኪና ጎማ 2.2 ባር ገደማ ነው የሚነፋው። ማለትም ከፊታችሁ፣ ከግራ እጃችሁ ጣቶች ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከጎማ ከ300 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ግፊት አለ።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቱቦ ውስጥ ግፊት ሲኖር ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥረው ጫና፣ በግምት ግፊቱ በውስጥ ራዲየሱ ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 740 ባር ማለት 74 ሜጋፓስካል ነው። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ራዲየስ 10 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 3.5 ሚሊሜትር ቢሆን ጫናው 211 ሜጋፓስካል ይሆናል። ጥሩ ብረት ይህን ይችላል። አሁን ዝገት ገብቶ ግድግዳውን ወደ 2.5 ሚሊሜትር ቢያወርደው ጫናው ወደ 296 ይዘላል። የእኔን ጥናት የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን ይገምታል፦ የዝገት ጉድጓድ ግድግዳ ከማሳሳቱም ሌላ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። መቶ ጊዜ ችሎ በመቶ አንደኛው ላይ የሚሰነጠቅ ብረት አለ። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ አይደለም።

ለዚህ ነው የግፊት ፍተሻ የሚባለው ነገር የመጣው። ለንደንና በርሚንግሃም፣ አይባርና ሊዬዥ የጠመንጃ መፈተሻ ቤቶች አሏቸው። ጠመንጃው ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ከተራው ጥይት በሚበልጥ ግፊት ይተኮስበታል፤ ከቻለ ማህተም ይመታበታል። ይህን በአገሮች መካከል የሚያስተባብረው «ሲ.አይ.ፒ.» የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1914 ነው የተመሠረተው። በአሜሪካ መንግሥት የሚያስገድደው የፍተሻ ማህተም የለም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይፈትሻሉ፣ «ሳሚ» የተባለው የአምራቾች ተቋም ደግሞ መለኪያውን ያወጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማህተሙ የሚናገረው ስለተመታበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የገባውን ዝገት አያውቅም።

ጥይትና ጠመንጃ አለመግባባታቸውም ሌላ አደጋ ነው። ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው የርዝመት ወጥመድ ነው። ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በድሮዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊሜትር፣ በአሁኖቹ 70 ወይም 76 ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ ላይ የተጻፈው ርዝመት ግን ተተኩሶ ጫፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ 70 የሚል ጥይት ሳይተኮስ አጭር ስለሆነ 65 ሚሊሜትር ውስጥ ያለችግር ይገባል። «ገባ እኮ!» ትላላችሁ። ሲተኮስ ግን የቀለሁ ጫፍ የሚከፈትበት ቦታ አጥቶ መንገዱን ያጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። መግባቱ ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። 20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ቱቦ ውስጥ ቢገባ ተንሸራቶ ወደ ፊት ይሄድና ቱቦው ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ ይቀረቀራል። ከኋላ ስታዩት ባዶ ይመስላል። ምላጩ ተስቦ ምንም ሳይተኩስ ሲቀር ሰውየው «ሳላጎርስ ቀረሁ» ብሎ 12 ጌጅ ይጨምርበታል። ቀጥሎ የሚሆነው ፍንዳታ ነው፤ የሚፈነዳውም ግራ እጅ የሚይዝበት አካባቢ ነው። 20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ቀለም እንዲኖረው የተደረገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥይት አንድ ኪስ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ከማጉረሳችሁ በፊትም ሁልጊዜ በቱቦው ውስጥ ብርሃን እዩ።

ያገለገለውን እንዴት እናያለን?

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ሌላ ሰው «ባዶ ነው» ቢልም ራሳችሁ ድገሙት። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይሁን።

ቱቦዎቹን ፈታችሁ ወደ መስኮት አቅንታችሁ እዩባቸው። ጤናማ ቱቦ ውስጥ የብርሃን ቀለበቶቹ ክብ ሆነው ይታያሉ። ቀለበቱ ቦታው ላይ ከተሰበረ ጥርቅም ወይም እብጠት አለ። ጥቁር ነጠብጣብ ዝገት ነው።

ከዚያ የምወዳትን ፍተሻ ሞክሩ። ቱቦዎቹን ብቻ ከኋላ መቆለፊያቸው በክር አንጠልጥሉና በጥፍራችሁ ወይም በእርሳስ ቂጥ መታ አድርጉ። ቱቦዎቹ መሃል ያለው አጣማሪ ብረት በደንብ የተበየደ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። አንድ ቦታ ላይ ብየዳው ከለቀቀ ድምፁ ይሰባበራል፣ ይነዝራል። ምክንያቱም የላላው ክፍል ከንዝረቱ ላይ ኃይል እየበላ ነው። የሸክላ ድስት ገበያ ላይ ሲገዛ መታ መታ ተደርጎ እንደሚደመጠው ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ፊዚክስ ድሮም ያውቁታል።

በመጨረሻ ገጥማችሁ ዝጉትና ነቅነቅ አድርጉት። ቱቦውና ሰውነቱ መካከል መንቀጥቀጥ ካለ መቆለፊያው ተበልቷል። እነዚህ ሁሉ ግን መጥፎውን ለመጣል ነው የሚያገለግሉት። ጥሩ ነው ብሎ ለመፍረድ የግድግዳ ውፍረትና የመጉረሻ ርዝመት የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል።

እርሳስ ወይስ ብረት?

የጥይቱ ፍሬ ከምን እንደተሠራም ማሰብ አለባችሁ። ዳክዬና ዝይ ምግባቸውን በጡንቻማ ሆዳቸው ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ። ረግረግ ውስጥ የወደቀ የእርሳስ ፍሬ ለነሱ ጠጠር ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ ተፈጭቶ ይመርዛቸዋል። ለዚህም ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የውሃ ወፎችን በእርሳስ ማደንን በመላ አገሪቱ የከለከለችው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ረግረጋማ ቦታዎች ላይና አካባቢያቸው ከልክሏል።

ምትኩ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ብረት ግን እፍጋቱ 7.8 ገደማ ስለሆነ ቶሎ ፍጥነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ፍሬ ይመረጣል። ከእርሳስም በጣም ይጠነክራል። እርሳስ ጠባብ ቾክ ውስጥ ሲያልፍ ይጨማደዳል፤ ብረት ግን እምቢ ብሎ የድሮ ቀጭን ቱቦን ጫፍ ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ለአሮጌ መንታ ጠመንጃ ብረት ሳይሆን ቢስመዝ የሚባለው ለስላሳ ብረታ ብረት ይመከራል። ውድ ነው። ጠመንጃው ላይ የቆጠባችሁትን ጥይቱ ይበላዋል ማለት ነው፤ ርካሽ ስትሉ ይህንንም ደምሩት።

ሕጉንም አትርሱ። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሾትገን የሚሸጠው ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ብቻ ነው፤ ለማደን ደግሞ የየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለወጣቶችም በአብዛኛው የአደን ደህንነት ትምህርት ግዴታ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ የዱር እንስሳት አደንም ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ወደ ሱቁ እንመለስ

ያቺን ባለ ጌጥ ጠመንጃ አንስቼ «ይቺን ነው» ስል፣ የሱቁ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ሳቅ አሉ። ትንሽ መብራት አምጥተው ቱቦው ውስጥ አበሩልኝ። ውስጡ በዝገት ጉድጓድ የተሞላ ነበር። ያ የሚያምረው ሞገድ ደግሞ የደማስቆ ብረት የሚባለው ነው፦ የብረትና የአረብ ብረት ቅጥልጥሎች ተጠማዘው፣ በእሳት ተቀጥቅጠውና ተጣብቀው የተሠራ ቱቦ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ብየዳ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይታይም። የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። የመጉረሻ ክፍሉን ሲለኩት 65 ሚሊሜትር ሆነ። ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ የነበረው ጥይት 70 ነው።

«ይቺ ለግድግዳ ናት» አሉን ሽማግሌው። «ያቺኛዋ ለእጅ።»

ያቺኛዋ ስቲቨንስ 311 ነበረች። ጌጥ የላት፣ ከባድ፣ ሁለት ምላጭ። ቱቦዎቿን አንጠልጥለው መታ ሲያደርጓቸው ደወል ሆኑ። እዚያው ቆሜ የገባኝ፣ የአንደኛዋ ዋጋ የወረደው ከጥንካሬዋ ላይ፣ የሁለተኛዋ ደግሞ ከውበቷ ላይ እንደሆነ ነው። የዋጋ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቁጥር ነበራቸው። ቁጥሩ ከየት እንደተቀነሰ ወረቀቱ አይናገርም፤ ያንን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ጓደኛዬ ስቲቨንሷን ገዛ። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ዞሮ፣ ስድስት ጊዜ ተኩሶ፣ አንድም ወፍ ሳይመታ ተመለሰ። ትከሻው ቀልቶ ነበር። አሥሩ ጣቶቹ ግን ሙሉ ነበሩ።